«ታይፎይድ ነው» እየተባልን ሦስት ዙር መድኃኒት ጨረስን፤ ካልቸሩ ግን ሌላ ነገር ተናገረ

የብሎክ 41 እናት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሱኝ።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር በፊት ትኩሳት ጀመራት። ማታ ማታ እሳት ትሆናለች፣ ጠዋት ተነስታ ትጫወታለች። ምግብ እምቢ አለች። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ደም ሰጠች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ታይፎይድና ታይፈስ አለባት» ተባልኩ። መርፌ ታዘዘላት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ተመስገን አልኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም፣ ግማሽ ሰዓት፣ «ታይፎይድ»። ሽሮፕ ተሰጣት። ተሻላት፣ ደግሞ ተመለሰባት። ሦስተኛው ጋ ስንሄድ «ታይፎይድ ነው አይደል?» ብዬ ቀድሜ የጠየቅሁት እኔው ነኝ። አዎ አሉኝ። ደግሞ መርፌ። ልጅቷ ነጭ ጋዋን ስታይ መጮህ ጀመረች።

መጨረሻ ላይ የባለቤቴ እህት «በቃ ተነሺ» ብላ ከተማ ወዳለ የሕፃናት ሐኪም ይዛን ሄደች። ሐኪሙ የደሙን ወረቀቶች አየና ወደ ጎን አደረጋቸው። «ስትሸና ታለቅሳለች?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ታለቅሳለች። አልጋ ላይ መሽናት ከተወች ዓመት አልፏት ነበር፣ እንደገና ጀምራለች። እኔ ብርድ መቷት ነው ብዬ ነበር።

ሽንቷ ለካልቸር ተላከ፤ ጀርሙን አብቅለው የሚለዩበት ምርመራ ነው። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ኢ ኮላይ የሚባል ጀርም ነው። ከሥሩ የመድኃኒት ዝርዝር አለ፤ ከጎኑ ወይ ኤስ ወይ አር ተጽፏል። ኤስ ይሠራል፣ አር አይሠራም ማለት ነው አሉኝ። አሞክሳሲሊን አር። ሲፕሮ አር። ስትወጋው የከረመችው ሴፍትሪያክሶን አር። የወደቀ ተማሪ ካርድ ነው የሚመስለው። ካለፉት ውስጥ አሚካሲን ነበረ፣ እሱን ጀምራለች። ትኩሳቱ ወርዷል።

ግን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለ። ደሙ ሦስት ጊዜ እንዴት ይዋሻል? ደግሞስ የልጄ ሰውነት ገና በአራት ዓመቱ መድኃኒት ከለመደ፣ ወደፊት ምን ልትሆን ነው?

ማይክሮስኮፕ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ላብራቶሪ ነው የምሠራው። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከእጄ ብዙ ወጥቷል።

ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልነሳ። የልጅሽ ሰውነት ምንም አልለመደም። የተላመደው ጀርሙ ነው። ይሄን ስህተት የተማሩ ሰዎችም ይሠሩታል፤ «ሰውነቴ አሞክሳሲሊን ለምዷል» ይላሉ። ሰውነት አንቲባዮቲክ አይለምድም። ነገ ልጅሽን ሌላ ጀርም ቢይዛት፣ ያ ጀርም ካልተላመደ ተራው አሞክሳሲሊን ያድናታል።

ወደ ደሙ ስንመጣ፣ ምርመራው ዊዳል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረ ሽማግሌ ነው። ጀርሙን ራሱን አይፈልግም። ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያዘጋጀውን ፀረ-አካል ነው የሚፈልገው። ፀረ-አካሉ ካለፈ ሕመም የተረፈ ሊሆን ይችላል። የታይፎይድ ዘመድ የሆነ ሌላ ጀርም ያመጣውም ሊሆን ይችላል። ታይፎይድ ባለበት አገር ጤነኛ ሰው አሰልፈህ ብትመረምር ከመሃል ፖዘቲቭ አይጠፋም። በደንቡ አንድ ጊዜ ደም ወስደህ፣ ከአሥር ቀን ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግመህ፣ መጠኑ አራት እጥፍ መጨመሩን ማየት አለብህ። ማን ነው ሁለት ሳምንት የሚጠብቀው? ስለዚህ አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ጠብታ ሬኤጀንት (የሞተ የታይፎይድ ጀርም ያለበት ፈሳሽ)፣ ትንሽ ነቅነቅ፣ ከረጋ «ታይፎይድ»።

ታይፈሱ ደግሞ ይብሳል። የዚያኛው ምርመራ ስሙ ዌይል-ፌሊክስ ነው። ጠብታው ውስጥ ያለው የታይፈስ ጀርም እንኳ አይደለም። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ለፀረ-አካሉ ስለሚመሳሰሉበት በውክልና የገባ። ፕሮቲየስ ራሱ ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል! አንድ ሰው ሽንቱን ታሞ መጥቶ ታይፈስ ተብሎ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። የልጅሽ ኢ ኮላይ ስለሆነ በእሷ የሆነው ይሄ ነው አልልም። ግን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ባጃጅ ቁጥር 3 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡11

ጎረቤቴ በዓመት አራት ጊዜ ታይፎይድ ይይዘዋል። ደንበኛ ሆኗል። አሁን ነው የገባኝ።

የቱሉው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

ሁላችሁም ክሊኒክ ልትሰድቡ ነው መሰለኝ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ልጄ ሌሊት 40 ትኩሳት ሲገባ በሩ ክፍት የሚሆንልኝ ያ ክሊኒክ ነው። ካልቸር ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ልጄ እየነደደ ልጠብቅ? ደግሞ ዋጋው! ለዚያ የሚሆን ብር ቢኖረኝ ዘይት እገዛበታለሁ። ዝም ብሎ «ካልቸር አሠሩ» ማለት ለሀብታም ነው።

ማይክሮስኮፕ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

ወንድሜ እውነትህን ነው። በዋጋው አልከራከርህም። አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ካልቸር ማለት ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት መቀመጥ አይደለም። ናሙናው ይወሰዳል፣ ወዲያው መድኃኒቱ ይጀመራል። ውጤቱ ሲመጣ ይቀየራል ወይም ይቀጥላል። ልጁ በጣም የታመመ ከሆነማ ሐኪሙ ደቂቃ አያጠፋም።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። አንድ መርፌ ከተወጋ በኋላ የሚወሰድ ሽንት ብዙ ጊዜ ባዶ ይወጣል። መድኃኒቱ በኩላሊት ተጣርቶ ሽንት ውስጥ ስለሚከማች ጀርሙ ሳህኑ ላይ አይበቅልም። ሽንት ውስጥ ሞቶ ኩላሊት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያኔ «ጀርም የለም» ብለን እንጽፋለን፣ እናት ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ ትኩሳቱ በሳምንቱ ይመለሳል። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የሚወሰደው ያ አንድ ብልቃጥ ሽንት ኋላ በምንም ብር አይገዛም።

ሦስት ቀን ለምን እንደሚፈጅ ደግሞ ልንገርህ፤ ሰነፍ ሆነን አይደለም። መጀመሪያ ቀን ሽንቱን ምግብ ያለበት ሳህን ላይ እንቀባና 35 ዲግሪ አካባቢ እናሳድረዋለን። በማግስቱ ነጠብጣቦች በቅለው እናገኛለን። እያንዳንዷ ነጠብጣብ የአንድ ጀርም ዘር ናት። ከእሷ ቆንጥረን ሌላ ሳህን ላይ እንደ ሣር መስክ እንዘራታለን። ከላይ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጣለን፣ ስፋታቸው 6 ሚሊሜትር ነው፣ እያንዳንዱ ውስጥ የተለያየ አንቲባዮቲክ ተነክሯል። ደግሞ ይደር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መድኃኒቱ የሠራበት ወረቀት ዙሪያ ጠራ ያለ ክብ ይታያል፣ ጀርም ያልበቀለበት። በማስመሪያ እንለካዋለን። ክቡ ሰፊ ከሆነ ኤስ ነው። አር ከሆነ ክቡ ጠባብ ነው፣ አንዳንዴም ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ይበቅላል። የመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ፀጉሬ ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሚወጋው መድኃኒት፣ ጀርሙ ተደግፎት ተኝቷል።

ሲስተር ነኝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

አዳር ወጥቼ ነው ያየሁት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከዳር የሚመጡ እናቶች ላይ በየቀኑ የማየው ነው።

ሽንቱ ከቤት ተቀድቶ በታክሲ ከኮዬ መሃል ከተማ ድረስ ከመጣ፣ እሱ ናሙና ሳይሆን እርሾ ነው። ኢ ኮላይ ሲመቸው በየሃያ ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። አስቡት፣ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ማለት አንዷ ጀርም 64 ሆነች ማለት ነው። ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘግቶ ከቆማችሁ ደግሞ ቁጥሩን ተዉት። ከቆዳ የገባች ተራ ጀርም ላብራቶሪ ስትደርስ ትልቅ ኢንፌክሽን መስላ ትቀርባለች። ስለዚህ እዚያው ጤና ተቋሙ ውስጥ ይቀዳ። ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከበረዶ ጋር ይምጣ።

አቀዳዱ ደግሞ እንዲህ ነው። በውሃ ይታጠቡ። የመጀመሪያው ሽንት ይፍሰስ፣ መሃሉ ብልቃጥ ውስጥ ይግባ። ፖፖ ላይ ተሽንቶ ከዚያ የሚገለበጥ አይሆንም። በሚለጠፍ ከረጢት የሚወሰደውም ለካልቸር ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

እህቴ፣ አሚካሲን ስትወስድ የኩላሊት ምርመራ ደም ካዘዙላት እንዳታስቀሪ። ጆሮና ኩላሊት ላይ ጫና ስላለው ነው። አትፍሪ፣ ግን እንዳይረሳ።

ጡረተኛው መምህር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ከእኔ ዘመን የማስታውሰውን ልበል። ልጅ ሳለን ቁስል ሲኖረን የቴትራሳይክሊን እንክብል ተከፍቶ ዱቄቱ ይነሰነስበት ነበር። ጎበዝ እናት ማለት ከመሶቧ ሥር ሁለት ሦስት እንክብል የማታጣ ነበረች።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ሰው መጠኑን አሳንሶ እየወሰደ ጀርሙን ሊያለማምደው ይችላል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። መድኃኒቱ ገና ለሕዝብ በየቦታው ሳይዳረስ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ማይክሮስኮፕን ልጠይቅ። ይህች ልጅ ሲፕሮ የወሰደች አይመስለኝም፤ ለሕፃናት እምብዛም አይታዘዝም። ጀርሙ ያላየውን መድኃኒት እንዴት ተላመደ?

ማይክሮስኮፕ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45

ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ምሳ ሰዓቴን ሊበሉብኝ ነው።

ጀርሞች ዕውቀት ይካፈላሉ። ፕላዝሚድ የምትባል ትንሽ ክብ ዘረ-መል አለች፣ ከዋናው ዘረ-መል ውጭ የምትንሳፈፍ። አንዱ ባክቴሪያ ለጎረቤቱ ኮፒ አድርጎ ይሰጠዋል። ልጅ እስኪወልድ አይጠብቅም፤ የራሱ ዘር ያልሆነ ባክቴሪያም ሊቀበለው ይችላል። ልክ ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ እንደማድረግ ነው። አንዲት ፕላዝሚድ ላይ ደግሞ የአምስት ስድስት መድኃኒት መከላከያ ተጠቅልሎ ሊገኝ ይችላል። አንዱን መድኃኒት በመውሰድ የተመረጠው ጀርም የሌሎቹንም ይዞ ይመጣል። ከሰው፣ ከውሃ፣ ከምግብም የተላመደ ጀርም ወደ አንጀት ይገባል።

የዚህች ልጅ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ኢኤስቢኤል የምንለው ነው። መድኃኒቱን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይሠራል። ፔኒሲሊንን ይቆርጣል፣ ሴፍትሪያክሶንን ይቆርጣል። መድኃኒቱ ወደ ጀርሙ ሳይደርስ ደጃፍ ላይ ያልቃል። ሲፕሮን ግን በዚህ መንገድ አያሸንፈውም፤ እዚያ ላይ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ቅርፁን ይቀይራል።

ለምን ሽንት ውስጥ ገባ ካላችሁ፣ ኢ ኮላይ ቤቱ አንጀት ነው። እዚያ ሳለ ችግር የለበትም። የመጀመሪያው መርፌ አንጀት ውስጥ ደካሞቹን ገደለ፣ ጠንካሮቹ ሰፊ ሜዳ አገኙ። በሴት ልጅ ላይ ደግሞ ወደ ሽንት ፊኛ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። መጀመሪያ የያዛት ጀርም የተላመደ ነበር ወይስ በመሃል የተተካ ነው? ይሄን አሁን ማንም ሊመልስ አይችልም። ያኔ ሽንቷ አልተወሰደማ!

ከመስኮቱ ጀርባ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ፋርማሲስት ነኝ። ዝም ብዬ ላነብ ነበር፣ አልቻልኩም።

ሕጉ ግልጽ ነው፣ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ሰዉ ግን ምን ብሎ እንደሚመጣ ልንገራችሁ። «አንድ ትሪ አሞክሳሲሊን ስጠኝ።» ማዘዣ ስለው «ዶክተር ልትሆንብኝ ነው?» ይላል። እምቢ ስለው መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። ባለቤቱ ማታ ሽያጩን ሲያይ ይጠይቀኛል። ሸጬ አላውቅም ብል ውሸት ነው። በተለይ ጉንፋን ሲበዛ። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን ምንም አይሠራለትም፤ ይሄን እያወቅኩ አስረክቤያለሁ። ግማሽ ትሪ የሚለምነኝም አለ፣ ብር ስላነሰው። እሱን እምቢ ማለት ከሁሉም ይከብዳል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሴፍትሪያክሶን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ይከፍላቸዋል። በቅድሚያ የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጡ። አሞክሳሲሊን አንደኛው መደብ ነው። ሴፍትሪያክሶን ሁለተኛው ነው። እኛ ሰፈር ግን መርፌ ካልተወጋ «አልታከምኩም» የሚል ስለበዛ ሴፍትሪያክሶን እንደ ሻይ ይቀዳል። ሐኪሙም ሰው ነው፣ በሽተኛው ደስ እንዲለው ይፈልጋል።

ላም ያለው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ ሱሉልታ ከብት አረባለሁ። ነገሩ ሰው ላይ ብቻ አይደለም። ላም ጡቷ ሲያብጥ አንቲባዮቲክ ትወጋለች ወይም በጡቷ ይገባላታል። መድኃኒቱ ላይ ስንት ቀን ወተቷ እንደማይሸጥ ተጽፏል። ያን ያህል ቀን ወተት መድፋት ያማል፣ የማይደፋም አለ።

ግን ወተቱ ራሱ ያሳብቅበታል። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ለእርጎ ያስቀመጠችው ወተት በሁለተኛው ቀንም አልረጋ አለ። ዕቃው ቆሸሸ ብላ አጥና ደገመችው፣ እምቢ አለ። ኋላ ስናጣራ ልጁ የተወጋችውን ላም ወተት ቀላቅሎታል። እርጎ የሚያረጋውም ባክቴሪያ ነው፣ መድኃኒቱ እሱን ገደለው። ከዚያ ወዲህ የታከመችው ላም ቀንዷ ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን።

ባጃጅ ቁጥር 3 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡33

ከአሁን በኋላ ወተት ስገዛ «ላሟ ደህና ናት?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

የብሎክ 41 እናት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማይክሮስኮፕ፣ «ሰውነቷ አልለመደም» ያልከውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። መጀመሪያ የታዘዘው መርፌ የአምስት ቀን ነበር። ሦስት ቀን ነው የተወጋችው። ትኩሳቱ ሲጠፋ፣ የባጃጁም ብር ሲደመርብኝ፣ እሷም ስታለቅስ፣ ተውኩት። ሽሮፑንም ሲሻላት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ «ሌላ ጊዜ ይጠቅማል» ብዬ። እኔ ነኝ ያለማመድኩት?

ከመስኮቱ ጀርባ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

እህቴ፣ ራስሽን አትክሰሺ። የማይሠራ መድኃኒት አምስት ቀንም ቢወጋ የማይሠራ ነው። ደግሞ «ሁልጊዜ ረጅም ጊዜ መውሰድ ጥሩ ነው» የሚለው ራሱ እየተለወጠ ነው። ቀለል ያለ የልጆች ሳምባ ምች በአምስት ቀን አሞክሳሲሊን ይታከማል፣ የተለመደው ቲቢ ስድስት ወር ይፈልጋል። ሳያስፈልግ ማራዘምም ጀርም ያለማምዳል። ቀኑን የሚወስነው የሕመሙ ዓይነት ነው፤ ባጃጁ አይደለም፣ የእኛ ድካምም አይደለም። ካስቸገረሽ ለሐኪሙ ደውለሽ «ልተወው ወይ?» በይው።

ሽሮፑን ግን ድፊው። በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ቀኑ አጭር ነው፣ ብዙዎቹ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ነው የሚቆዩት። አሁን ያለው ጣፋጭ ውሃ ነው።

የቱሉው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡10

እሺ፣ ትናንት ተናድጄ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ። እንደኔ ያለ ሰው፣ ካልቸር የማይሠራበት ክሊኒክ ሄዶ ምን ይበል?

ሲስተር ነኝ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ወንድሜ፣ ብዙ ብር የማያስወጣ ነገር አለ። ትኩሳት ያለው ልጅ ይዘህ ስትሄድ «ሽንቱም ይታይ» በል። ተራው የሽንት ምርመራ ርካሽ ነው፤ ነጭ የደም ሴልና ናይትራይት (ጀርም ሽንት ውስጥ የሚሠራው ነገር) ካሳየ የሽንት ኢንፌክሽን ፍንጭ ይሰጣል። ያኔ ካልቸር ወደሚሠራበት ሪፈር ይጻፍልህ። ሳል ካለው ደግሞ ልብሱን ገልጠህ አተነፋፈሱን ቁጠር፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ተረጋግቶ ሳለ። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰደው። ከደረቱ በታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቅ። በቅርቡ ቆላ ሄዶ ከነበረ እሱንም ተናገር፣ የወባ ምርመራ በደቂቃዎች ይደርሳል።

ደግሞ «ከዚህ በፊት የትኛውን መድኃኒት ወሰደ?» ሲሉህ ካርቶኑን አሳያቸው። «ነጭ ሽሮፕ» ማለት አይረዳንም። ሁሉም ነጭ ነው!

የብሎክ 41 እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ልንገራችሁ ብዬ ነው። መርፌው ዛሬ አለቀ፣ ሁሉንም ቀን ተወግታለች። የኩላሊቷ ደም ደህና ነው። የኩላሊት አልትራሳውንድ ሐሙስ ቀጠሮ አለን፤ ሽንቱ ወደ ኋላ የሚመልሰው ነገር ካለ ለማየት ነው አለኝ ሐኪሙ። ዛሬ ጠዋት «ማሚ፣ ሽንቴ መጣ» ብላ ራሷ ሮጣ ሄደች። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። አላለቀሰችም።

ባጃጅ ቁጥር 3 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡44

እሰይ! እኔም ጎረቤቴን ካልቸር እንዲያሠራ ለመንኩት። እምቢ አለ። «ታይፎይዴን አውቀዋለሁ» ነው የሚለው።